ጥቁር አዝሙድ፣ የአይጥ አንጎልና የእናትሽ ስትሮክ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የዛሬ 7 ወር ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ ደክሟል። የቅርብ ነገርም ትረሳለች። አምሎዲፒን፣ አስፕሪንና አቶርቫስታቲን ታዞላት ትወስዳለች። ዱባይ ያለችው እህቴ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ልካልን ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንሰጣታለን። አብሮ የመጣው ጽሑፍ በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት የሞቱ የአንጎል ሴሎች ከ77 በመቶ ወደ 24 በመቶ ወርደዋል ይላል። አንጎሏን ይመልስላታል? ኪኒኑ በጣም አድክሟታል፤ ዘይቱ ከሠራ ኪኒኑን ብናቆምላትስ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ኪኒኑን አታቁሙ። አንዱንም። ድካሙን ቀላል አድርጌ አላየውም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ግን የሚያደክማቸው ኪኒን ካለ መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መቀየር ያለበት ያዘዘላቸው ሐኪም ነው። ስትሮክ አንድ ጊዜ የመታው ሰው ለሁለተኛው ከሌላው ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ነው። አሁን በእናትሽና በሁለተኛው ምት መካከል የቆሙት እነዚያ ሦስት ኪኒኖች ናቸው፤ አምሎዲፒን ለግፊት፣ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ፣ አቶርቫስታቲን ለኮሌስትሮል።

ሌላም የሚያስቸኩል ነገር አለ፤ አንቺ ግን አልጠየቅሽኝም። እናትሽ ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል? ከጠጡ በኋላ ያስላቸዋል? ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ ይላል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ዘይቱን ዛሬውኑ አቁሙ። ስትሮክ የመዋጥ ጡንቻዎችን ሊያደክም ይችላል። ውሃ ወደ ሳንባ ሊገባ ሲል ብዙውን ጊዜ ያስላል፤ ሰውዬውም ያውቀዋል። ዘይት ግን ለስላሳ ነው። ሳል ሳይቀሰቅስ ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ሳንባ ዘይት ሲገባበት እንደ ውሃ መጥጦ አያስወግደውም። ዘይቱ እዚያው ይቀመጥና ያስቆጣዋል። ሐኪሞች ሊፖይድ ኒሞንያ ይሉታል። እንደ ተራ የሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ ታክሞ አልሻል የሚል፣ ቤተሰቡም ዘይቱን ከነገሩ ጋር የማያያይዘው በሽታ ነው። በአፍንጫ ዘይት ማንጠባጠብም ወደዚሁ ሊያደርስ ይችላል። ለጉንፋንና ለራስ ምታት ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ አሽቶ ማሽተት ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ እሱን አልነካም። የማወራው በፈሳሽ መልክ ስለሚጨመረው ዘይት ነው።

አሁን ወደ ጥናቱ። እህትሽ የላከችው ቁጥር የተፈበረከ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ፣ ሪያድ ውስጥ የተሠራ ጥናት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ጽሑፉን ለሽያጭ ያዘጋጀው ሰው ግን ዋናውን ነገር አስቀርቶታል። አይጦቹ መድኃኒቱን፣ ማለትም ታይሞኪኖን የሚባለውን የጥቁር አዝሙድ ንጥረ ነገር፣ መውሰድ የጀመሩት አንጎላቸው ከመጎዳቱ 5 ቀን በፊት ነው። ከጉዳቱ በኋላም ቀጥለዋል፤ ግን ጉዳቱ ሲደርስ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ነበር። በእናትሽ ላይ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ምቱ ቀድሟል፤ ዘይቱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው።

ይህ ለምን ልዩነት እንደሚያመጣ ላስረዳሽ። እንዲህ ያለ ሙከራ የሚሠራው በአጭሩ እንዲህ ነው። አይጧ ማደንዘዣ ትወስዳለች። ከዚያ ወደ አንጎሏ የሚሄደው ደም ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋል፤ ብዙውን ጊዜ በአንገቷ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለቱ ደም ቅዳዎች ተይዘው ይቆያሉ። ቀጥሎ ይለቀቃሉ፤ ደሙ ይመለሳል። ተመራማሪው አተኩሮ የሚያየው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው። አዲስ ነገር ተመዝግቦ እንዲቀር የሚያደርገው ክፍል ይህ ነው። ሰውም አለው፤ አይጥም አላት። በውስጡ ሲ ኤ 1 የሚባል አንድ ሰልፍ አለ። ፒራሚድ የሚመስሉ የነርቭ ሴሎች እንደ ዶቃ ተደርድረው ይታዩበታል። በኦክስጅን እጦት ቀድመው ከሚሞቱት የአንጎል ሴሎች ውስጥ እነዚህ አሉ።

የሚገርመው ወዲያው አለመሞታቸው ነው። በ1982 ጃፓናዊው ታካኪ ኪሪኖ ጀርቢል በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ይህን በግልጽ አሳየ። ደሙ በተመለሰ በመጀመሪያው ቀን ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ጤነኛ ይመስላሉ። በሁለተኛው ቀን መለወጥ ይጀምራሉ። በአራተኛው ቀን አብዛኞቹ የሉም። ስለዚህ ሴሉ ቆስሎ ገና ያልሞተበት የሁለት የሦስት ቀን ክፍተት አለ። ሴል አዳኝ የሚባሉት መድኃኒቶች ሁሉ የሚሠሩት፣ ከሠሩ፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ደም ሲመለስ ኦክስጅን በብዛት ይገባል። አጥፊ የሆኑ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ፤ የሴሉን ግድግዳ ቅባት ያበላሻሉ። ታይሞኪኖን ይህን ብልሽት ይቀንሳል። የሪያዱም ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። በሰባት ወር ግን ክፍተቱ ከተዘጋ ቆይቷል። የሞተው ሞቷል፤ የተረፈው ተርፏል። ዛሬ የሚሰጥ ታይሞኪኖን የሚያድነው ቆስሎ የሚጠብቅ ሴል የለም።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር። «ከ77 ወደ 24 ወረደ» የሚለው አባባል አንዲት አይጥ 77 በመቶ ሴሎቿ ሞተውባት፣ ኋላ ተሽሏት 24 የደረሰች ያስመስላል። እንደዚያ አይደለም። የአይጥን አንጎል ሁለት ጊዜ መቁጠር አይቻልም። ለመቁጠር አይጧ መሞት አለባት፤ አንጎሏ ወጥቶ መቆረጥ አለበት። 77 መድኃኒት ያልተሰጠው የተጎዳ ቡድን ውጤት ነው። 24 መድኃኒቱን ቀድሞ የወሰደው የሌላኛው ቡድን ነው። ሁለት ቡድን፣ ሁለት ዓይነት አንጎል። የሞተ ሴል ተነሥቶ የተቆጠረበት አንድም አይጥ የለም።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬ ነው። የአይጥ አንጎል ሁለት ግራም ገደማ ነው፤ የሰው 1,300 እና 1,400 ግራም አካባቢ። ያንን ሁለት ግራም ከቅል አውጥተሽ ፎርማሊን የሚባል ማጠንከሪያ ፈሳሽ ውስጥ ታቆዪዋለሽ። ውሃውን በአልኮል ታወጪለታለሽ። ፓራፊን ሰም ውስጥ ትቀብሪዋለሽ። ከዚያ በቀጭኑ ትቆርጪዋለሽ፤ ብዙ ጊዜ አምስት ማይክሮን፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ለሁለት መቶ ተከፍሎ አንዱ። መስታወት ላይ ለጥፈሽ ታቀልሚዋለሽ። ሂማቶክሲሊን የሴሉን እምብርት ሰማያዊ ያደርገዋል። ኢኦሲን ሌላውን ሮዝ ያደርገዋል። በኦክስጅን እጦት የሞተ ሴል ተኮማትሮ ደማቅ ሮዝ ሆኖ፣ እምብርቱ ጠቁሮ ይታያል። ጤነኛው ወፍራም ነው፤ እምብርቱ ክብና ፈዛዛ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለች።

ቀላል ይመስላል። አይደለም። ለማስተርስ ዲግሪዬ አንድ የዕፅዋት ኤክስትራክት፣ ማለትም ከተክል የወጣ ንጥር፣ በአይጥ አንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳጠና የመጀመሪያዎቹን ስላይዶች አይቼ ደነገጥኩ። ሴሎቹ ጠቁረዋል፤ ተሸብሽበዋል፤ ጅራታቸው እንደ ቡሽ መክፈቻ ተጠማዟል። ተክሉ መርዝ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ማታ ላይ የማነጻጸሪያውን ቡድን ስላይድ አወጣሁ። ውሃ ብቻ የጠጡ አይጦች ናቸው። እነሱም ጋ ያው ነው። ጥፋቱ የተክሉ አልነበረም፤ የእጄ ነበር። አንጎሉን ፎርማሊን ሳያጠነክረው ቸኩዬ አውጥቼ በመቆንጠጫ ጫን አድርጌዋለሁ። ትኩስ አንጎል ሲነካ ሴሎቹ ይጨማደዳሉ፤ ሲቀለሙም ይጠቁራሉ። ስካንዲኔቪያዊው ተመራማሪ ያን ካመርሜየር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ነገር ነው። ፈውሱም ይታወቃል። አይጧ በማደንዘዣ ውስጥ እያለች ማጠንከሪያው ፈሳሽ በልቧ በኩል እንዲዘዋወር ይደረጋል፤ አንጎሉ ሳይወጣ ይጠነክራል፤ ከዚያም ሰዓታት ቆይቶ ይወጣል። የሁለት ወር ሥራዬን ጥዬ ከአዲስ ጀመርኩ።

ይህን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? ዛሬም ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚወጡ ጽሑፎችን ሳነብ «ጉዳት» ተብሎ ቀስት የተደረገበት ፎቶ ላይ እነዚያኑ ጥቁር ሴሎች አገኛለሁ። አንዳንዴም «ተክሉ ፈወሰ» የተባለው ልዩነት ተክል በወሰደውና ባልወሰደው መካከል ያለ ልዩነት ላይሆን ይችላል። በጥንቃቄ በወጣና በችኮላ በወጣ አንጎል መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥናት ሲገጥመኝ ቀድሜ የምፈልገው መደምደሚያውን አይደለም። አይጦቹ በዕጣ ተመድበዋል ወይ? ሴሉን የቆጠረው ሰው የትኛው ስላይድ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ሳያውቅ ነው ወይ የቆጠረው? የተቆጠረው ስንት አይጥ ነው? ከስምንት አይጥ አሥር አሥር ስላይድ ብትቆርጪ ሰማንያ ማስረጃ አይሆንልሽም። ያው ስምንት አይጥ ነው።

«ኤክስትራክት» የሚለው ቃልም ብዙ ይሸፍናል። ዘሩን ፈጭተሽ በውሃ ዘፍዝፈሽ፣ አጥልለሽ፣ ፈሳሹን አትንነሽ የሚቀረው አንድ ነገር ነው። በአልኮል ስታወጪው ሌላ ነገር ነው። ሕንድ ውስጥ በ2012 በታተመ አንድ የአይጥ ስትሮክ ጥናት ያገለገሉት ክሎሮፎርምና ፔትሮሊየም ኢተር በሚባሉ ማሟሚያ ፈሳሾች የወጡ ናቸው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 400 ሚሊ ግራም ነበር። እዚያም የተሰጠው ስትሮኩ ከመደረጉ በፊት ነው፤ ለ7 ቀን። ጠርሙስ ውስጥ ያለው የእህትሽ ዘይት ከነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አንድ አይደለም። ተጨምቆ የወጣ ዘይት አብዛኛው ተራ የምግብ ቅባት ነው። ታይሞኪኖን የሚገኘው በዋነኛነት በሚተነው፣ ሽታ ባለው ጥቂቱ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ በብዙ እጥፍ ይለያያል። ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ይበላሻል። በሱቅ መስኮት ፀሐይ ላይ የቆመ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንደቀረ ከላይ አይተሽ መናገር አትችይም።

ስሙም ያሳስታል። የእኛ ጥቁር አዝሙድ፣ በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ሐበተ ሰውዳ የምንላት፣ ኒጄላ ሳቲቫ ናት። ነጭ አዝሙድ ፈጽሞ ሌላ ተክል ነው። በእስያ ገበያ ደግሞ ጥቁር ከሙን ተብሎ የሚሸጥ ሦስተኛ ተክል አለ። ለዚህ ነው ጥሩ ተመራማሪ የተክሉን ናሙና አድርቆ፣ ቁጥር አስይዞ፣ ለምሳሌ እዚህ አገር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ የሚያስቀምጠው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ቅጠሉን ማየት ይችላል።

መጠኑን ደግሞ እናስላ። ለአይጥ ለኪሎ የተሰጠውን መጠን በቀጥታ ወደ ሰው አናመጣም። የአይጥ ሰውነት ፈጣን ነው፤ መድኃኒቱን ቶሎ ያቃጥለዋል። በ2005 የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያ የአይጡን መጠን ለ6.2 ማካፈል ይላል። የሪያዱ 5 ሚሊ ግራም ታይሞኪኖን በኪሎ ለሰው 0.8 ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 48 ሚሊ ግራም ገደማ የተጣራ ታይሞኪኖን ማለት ነው። የሕንዱ 400 ደግሞ ወደ 3.9 ግራም የደረቀ ኤክስትራክት ይመጣል። ይህ የአዋሳሰድ ምክር አይደለም፤ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ ብዬ ነው። «አንድ የሾርባ ማንኪያ» የሚለው ከየትኛውም አይጥ አልመጣም።

መንገዱም ወሳኝ ነው። ብዙ ጥናቶች መድኃኒቱን በሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ ይሰጣሉ። በአይጥ ላይ በተለካው መሠረት ከአይጦቹ ግማሹን የሚገድለው የታይሞኪኖን መጠን በመርፌ ሲሰጥ 57.5 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው። በአፍ ሲሰጥ 794.3 ነው። አንድ ንጥረ ነገር፣ አንድ እንስሳ፤ ልዩነቱ ግን ወደ 14 እጥፍ ነው። በአፍ የገባው ብዙው አንጀትና ጉበት ላይ ይቀራል። ወደ አንጎል ለመግባት ደግሞ ሌላ አጥር አለበት። ስለዚህ በመርፌ አይጥ ላይ የታየ ነገር በማንኪያ ሰው ላይ ይታያል ማለት አይቻልም።

አይጥ ላይ ያዳነ ሁሉ ሰው ላይ ቢያድን ኖሮ ስትሮክ ዛሬ እንዲህ አያስፈራንም ነበር። በ2006 የታተመ አንድ ትልቅ ግምገማ ለአጣዳፊ ስትሮክ የተሞከሩ 1,026 መድኃኒቶችን ዘርዝሯል። ወደ ሰው ሙከራ የደረሱት 114 ናቸው። ከነዚያ ውስጥ የአንጎል ሴል ከሞት እንደሚያድን በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት ያገኘ መድኃኒት ግን የለም። ኤን ኤክስ ዋይ 059 የተባለውን አስታውሳለሁ። እሱም እንደ ታይሞኪኖን አጥፊ የኦክስጅን ውህዶችን ይዞ ያከሽፋል የተባለ ነበር። በአይጥ ሠራ፤ በጦጣም ሠራ። በ2006 የወጣው የመጀመሪያው የሰው ሙከራ ተስፋ ሰጠ። በ2007 የወጣው ሁለተኛውና ትልቁ ሙከራ ምንም ጥቅም አላገኘበትም። የላብራቶሪ አይጥ ወጣት ናት፤ ጤነኛ ናት፤ የሚመታትን ሰዓት ተመራማሪው ያውቀዋል። የእኛ እናቶች ዓመታት የቆየ የደም ግፊት ይዘው ነው የሚመቱት፤ ሌሊት፣ ሳይታሰብ።

በሰው ላይ ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ በ2013 የታተመ ጥናት 40 ጤነኛ አረጋውያንን ይዞ ነበር። ግማሾቹ 500 ሚሊ ግራም ጥቁር አዝሙድ በቀን ሁለቴ ለ9 ሳምንት ወስደዋል። በማስታወስና በትኩረት ፈተናዎች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ኢራን መሽሐድ ውስጥ በ2007 መድኃኒት እምቢ ባለ የሚጥል በሽታ የሚሠቃዩ ሕፃናት ከመድኃኒታቸው ጋር በውሃ የወጣ ኤክስትራክት ወስደው የሚጥላቸው ጊዜ ቀንሶ ነበር። ሁለቱም ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። ግን ደስ ይሉኛል፤ ከአይጥ ወደ ሰው በሥርዓት ለመሻገር የሞከሩ ናቸውና። የመሽሐዶቹ ልጆች መድኃኒታቸውን አላቆሙም። የባንግላዴሾቹ ስትሮክ አልነበረባቸውም። በቀን የወሰዱትም አንድ ግራም ዘር ነው። እናንተ የምትሰጡት 30 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው።

አሁን ወደ ድካሙ። አንድ ነገር አስታውሽልኝ። የጀመራቸው ዘይቱ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በ2010 የወጣ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን 2.5 ግራም ጥቁር አዝሙድ በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን አስወስዶ ነበር። ሲ ዋይ ፒ 3 ኤ 4 የሚባለው ኢንዛይም ሥራው ተዳክሞ ተገኝቷል። ይህ ኢንዛይም ጉበት ውስጥ ሆኖ ብዙ መድኃኒቶችን የሚያፈራርስ ነው። አምሎዲፒንን የሚያፈራርሰው እሱ ነው። አቶርቫስታቲንንም እንዲሁ። እሱ ሲዳከም ኪኒኑ በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊጠራቀም ይችላል። ጥቁር አዝሙድ ራሱም ግፊት በመጠኑ ያወርዳል። ሁለቱ ሲደመሩ ሰው ሲነሣ ያዞረዋል፤ ይዝለዋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ ይችላል። አቶርቫስታቲን ሲበዛ ደግሞ ጡንቻ ያማል። በእናትሽ ላይ የሆነው በእርግጥ ይህ ነው አልልም፤ ሳላያቸው እንዴት ብዬ? ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድካም ራሱ የታወቀ ነው። ድባቴም ድካም ይመስላል። ግን ድካሙ ዘይቱ ከመጣ በኋላ ከሆነ ኪኒኑን ከመውቀስ በፊት ዘይቱን ጠርጥሪ። ጡንቻቸውን በጣም ካመማቸው ወይም ሽንታቸው ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃቸው።

የኪኒኑን ነገር ደግሞ በሰው የተለካ ስለሆነ በሰው ልንገርሽ። ፕሮግረስ የሚባለው ጥናት በ2001 ወጣ። ስትሮክ ወይም መለስተኛ የስትሮክ ምልክት ያለፈባቸው 6,105 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ክትትሉ አራት ዓመት ገደማ ነው። የግፊት መድኃኒት የወሰዱት ዳግመኛ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው በ28 በመቶ ቀንሷል። እነሱ የወሰዱት ከእናትሽ የተለየ ኪኒን ነው፤ ሥራው ግን ያው ግፊቱን ማውረድ ነው። በነዚያ ሰዎች ውስጥ ሳይሞቱ የቀሩት የአንጎል ሴሎች ማንም በስላይድ አልቆጠራቸውም። የሴሎቹ ባለቤቶች ግን ሄደው ቡናቸውን ጠጥተዋል።

ከአንጎሉ የሞተው ክፍል ካልተመለሰ እናትሽ ይሻላቸው ይሆን ወይ ማለትሽ አይቀርም። ሊሻላቸው ይችላል። የተረፉት ሴሎች በድግግሞሽ አዲስ ግንኙነት ይፈጥራሉ። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጣን ነው፤ ከዚያ ይዘገያል እንጂ ሰባተኛው ወር ላይ በሩ አይዘጋም። በቀኝ እጃቸው እንዲሠሩ አድርጊ። ሽንኩርት ይላጡ። ስኒ ያንሱ። ምስር ይልቀሙ። አንቺ ቶሎ ለመጨረስ ብለሽ አትንጠቂያቸው። ፊዚዮቴራፒ ካቋረጡ መልሱ። የሚረሱትን ነገር ደግሞ እየተቆጣችሁ አታርሙ። ቀኑን፣ የመድኃኒት ሰዓቱን በትልቅ ጽሕፈት ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው።

ጥቁር አዝሙድ በድፎ ዳቦው ላይ፣ በበርበሬው ውስጥ ይቀጥል። የምግብ መጠን ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። ዘይቱን በማንኪያ መስጠት ግን አቁሙና ጠርሙሱን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችሁት ሂዱ። ሐኪሙ ፊት ከኪኒኖቹ ጎን አስቀምጪው። ብዙ ቤተሰብ ባህላዊ መድኃኒትን ይደብቃል፤ ሐኪም ይቆጣናል ብሎ። አትደብቂ። ሐኪሙ ካላወቀ የግፊቱ መውረድ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል።

ዱባይ ላለችው እህትሽም ይህን ንገሪያት። ከፍቅሯ የተነሣ እንደላከችው ይገባኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ልትልክ ስታስብ ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል የግፊት መለኪያ ትላክ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ቶሎ ይሳሳታል። መለኪያው ሲመጣ እናትሽ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ያርፉ፤ ጀርባቸው ይደገፍ፤ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። የሚለካው ባልደከመው በግራ ክንዳቸው ነው። ጠዋት ኪኒን ከመዋጣቸው በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ። ቁጥሮቹን ከነቀኑ በደብተር ጻፊ። ዘይቱን ያቆማችሁበትን ቀንም እዚያው ላይ አስፍሪው።